ሌዘር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ለጥርስና ለድድ የሚሆኑ የፐልስ ሌዘሮችን እንዴት እናወዳድር?

አዳማ ላይ የጥርስ ክሊኒክ ያለው ሰው አሁን አሁን «ሌዘር አላችሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ሳይሰማ አይውልም። ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። ብሮሹር ይዘው ይመጣሉ፣ «ይሄኛው 10 ዋት ነው፣ ያኛው 4 ዋት ብቻ» ይላሉ፣ ፕሮፎርማውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ይሄዳሉ። ገንዘቡ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የተጻፈ ፕሮፎርማ ማንበብ ራሱ ወገብ ይቆርጣል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ሌዘርን በዋትና በብራንድ ስም አታወዳድሩ። የሞገድ ርዝመቱን፣ የአንዱን ፐልስ፣ ማለትም የአንዱን የጨረር ምት፣ ጉልበት፣ ፐልሱ የሚቆይበትን ጊዜና ጨረሩ የሚወጣበትን ጫፍ ስፋት አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉ። ከዚያ የራሳችሁ ታካሚ አፍ ውስጥ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። መመሪያው ለጥርስ ሐኪሞች፣ ለክሊኒክ ባለቤቶችና ለባዮሜዲካል ባለሙያዎች ነው። ታካሚም ቢያነበው አይጎዳውም።

1. መጀመሪያ መዝገቡን ክፈቱ

ማሽን ከማየታችሁ በፊት ያለፉትን ወራት የታካሚ መዝገብ አውጡና ሥራችሁን ለሦስት ክፈሉት። አንዱ ለስላሳው ሥራ ነው፦ ድድ መቁረጥ፣ የከንፈር ክር ማላላት፣ ደም ማቆም። ሌላው ጠንካራው ነው፦ የተበላ ጥርስ ማጽዳት፣ አጥንት መንካት። ሦስተኛው የድድ ኪስ ነው፤ ድዱ ከጥርሱ ለቆ ጥልቅ ክፍተት የፈጠረበት፣ ሲነኩት የሚደማ፣ ጥርሱም መነቃነቅ የጀመረ።

መዝገቡ ላይ የምታገኙት እጥበት፣ መንቀልና መሙላት ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። ታርታር፣ ማለትም ጥርስ ላይ የጠጠረውን ቆሻሻ፣ የሚፍቁት ጥሩ አልትራሳውንድ እስኬለርና ስለት ያልሞተበት የእጅ ኪዩሬት ከማንኛውም ሌዘር ይቀድማሉ። ግድግዳ ላይ «በሌዘር እናክማለን» ብሎ መለጠፍ ደስ ይላል፤ ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ግን ደስ አይልም።

2. ጨረሩን የሚውጠው ማን ነው?

ሌዘር ሥጋ ላይ የሚሠራው አንድ ነገር ጨረሩን ሲውጠው ነው። ያ ነገር ይሞቃል፣ ይተናል ወይም ይረጋል። ማን ይውጠዋል የሚለውን የሚወስነው የሞገድ ርዝመቱ ነው። ስለዚህ የወረቀታችሁ የመጀመሪያ ዓምድ ይሄ ይሁን።

ዳዮድ የሚባለው ትንሹ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ 810፣ 940 ወይም 980 ናኖ ሜትር ነው። የሚውጡት የድዱ ጥቁር ቀለም፣ ማለትም ሜላኒን፣ እና ደሙ ናቸው። ጥርስ አይቆርጥም። ታርታርም አያወጣም።

ኤንዲ ያግ 1064 ናኖ ሜትር ነው። እሱንም የሚውጡት ሜላኒንና ደም ናቸው፤ ውሃ ግን ብዙም አይዘውም። በዚህ ምክንያት ቀለም በሌለው ሥጋ ውስጥ ሚሊሜትሮችን ዘልቆ ይገባል። ይሄ ጥቅምም ጣጣም ነው። ኪስ ውስጥ ያለውን ያበጠና በደም የተሞላ ሥጋ ይመታል፣ ደሙንም ያረጋል፤ ነገር ግን ከላይ የማታዩትን አጥንትም ሊያሞቅ ይችላል።

የኤርቢየም ቤተሰብ ሁለት ናቸው። ኤርቢየም ያግ 2940፣ ኤርቢየም ክሮሚየም ደግሞ 2780 ናኖ ሜትር ነው። እነዚህን የሚውጣቸው ውሃ ነው፤ 2940 ላይ ያለው ጨረር ውሃ ውስጥ አንድ ማይክሮ ሜትር ያህል እንደገባ አብዛኛው ያልቃል። ኢናሜል (የጥርሱ ጠንካራ ላይኛ ሽፋን) እና ዴንቲን (ከሥሩ ያለው ክፍል) ውስጥ ያለችው ጥቂት ውሃ በቅጽበት ተንና ፈንድታ ጥርሱን በደቃቁ ትፈነቅላለች። ሲሠራ የሚሰማው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከዚህ የመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤርቢየም ያግ ጥርስ ላይ እንዲሠራ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ድድም ይቆርጣል፣ ታርታርም ያወጣል። ደም በማቆም ግን ደካማ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የድሮው 10,600 ናኖ ሜትር ሲሆን ለለስላሳ ሥራ ጎበዝ ነው። አዲሱ 9,300 ናኖ ሜትር ደግሞ የጥርሱ ማዕድን ራሱ ስለሚውጠው ጥርስም ይቆርጣል። ለአዳማ ክሊኒክ ይሄኛውን የመጨረሻ ምርጫ አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱ ችሎታው ሳይሆን ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ማግኘት ስለሚከብድ ነው።

3. «ፐልስ አለው» ሲሏችሁ የቱን ፐልስ እንደሆነ ጠይቁ

ሻጭና ሐኪም የማይግባቡት እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ዳዮድ በተፈጥሮው የማያቋርጥ ጨረር ነው። አምራቹ መብራቱን ቶሎ ቶሎ እያበራና እያጠፋ «ፐልስ» ይለዋል። ነገር ግን ሲበራ የሚወጣው ጉልበት ያው ያስተካከላችሁት ዋት ነው። በ2 ዋት ላይ አድርጋችሁ ግማሹን ጊዜ ቢጠፋ አማካዩ 1 ዋት ይሆናል፤ ጫፉ፣ ማለትም በምቱ ቅጽበት የሚወጣው ትልቁ ዋት፣ ግን ከ2 ዋት አይበልጥም። ውሸት አይደለም፤ ግን ከእውነተኛው ፐልስ ጋር አንድ አይደለም።

ኤንዲ ያግና ኤርቢየም ላይ ነገሩ ይለያል። ውስጣቸው ያለው የብልጭታ አምፖል ጉልበቱን ሰብስቦ በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ይለቀዋል፤ ከዚያ ረጅም ዝምታ ይመጣል። ሒሳቡ ሁለት መስመር ብቻ ነው።

አማካይ ዋት ማለት የአንዱ ፐልስ ጉልበት ሲባዛ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ነው። ጫፍ ዋት ማለት ደግሞ የአንዱ ፐልስ ጉልበት ለሚቆይበት ጊዜ ሲካፈል ነው።

እንሥራው። ኤንዲ ያግ፣ 200 ሚሊጁል፣ 20 ኸርዝ (በሰከንድ 20 ምት)፣ ፐልሱ 100 ማይክሮ ሰከንድ። አማካዩ 4 ዋት ነው። ጫፉ ግን 2,000 ዋት። ሻጩ «10 ዋት» ያላችሁ ዳዮድ ጫፉ 10 ዋት ነው። ማለትም «ደካማው» ባለ 4 ዋት ማሽን በምቱ ቅጽበት 200 እጥፍ ይበልጣል። በዚያው ላይ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚበራው ለ2 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ቀሪውን 998 ሚሊ ሰከንድ ሥጋው ይቀዘቅዛል።

እንጀራ የምትጋግር ሴት የጋለ ምጣድ በጣቷ ነካ አድርጋ ትለቃለች፤ አትቃጠልም። ጣቷን ብታቆየው ግን ሌላ ታሪክ ነው። አጭር ፐልስም እንዲሁ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ጎን ሳይሰራጭ ሥራው ያልቃል።

ታዲያ ሁልጊዜ አጭሩ ይሻላል ማለት ነው? አይደለም። ደም ማቆም ስትፈልጉ ሙቀቱ ትንሽ እንዲሰራጭ ነው የምትፈልጉት። ያንኑ 200 ሚሊጁል በ650 ማይክሮ ሰከንድ ብትለቁት ጫፉ ወደ 308 ዋት ይወርዳል፤ መቁረጡ ይቀንሳል፣ ደም ማርጋቱ ይጨምራል። ኤርቢየም ላይም ያው ነው፦ 50 እና 100 ማይክሮ ሰከንድ አካባቢ ለጥርስ፣ 600 እና ከዚያ በላይ ለድድ። ስለዚህ ስትገዙ የምትጠይቁት «ስንት ዋት?» ሳይሆን «ፐልሱን ከስንት እስከ ስንት ማይክሮ ሰከንድ መቀየር እችላለሁ?» ነው። ሻጩ ይህን ጥያቄ ሰምቶ ብሮሹሩን መገልበጥ ከጀመረ ቴክኒሻኑን በስልክ አስደውሉት።

4. የክሩን ጫፍ አትርሱ

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ማሽን በአንድ ዓይነት ቁጥር ላይ አድርገው የተለያየ ውጤት ያገኛሉ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጨረሩን ከማሽኑ ወደ አፍ የሚያደርሰው ቀጭን ክር ነው። የጨረር ክሩ ከ200 ወደ 400 ማይክሮ ሜትር ሲወፍር ቦታው 4 እጥፍ ይሰፋል። 100 ሚሊጁል በ200 ማይክሮ ሜትር ክር ጫፍ ላይ በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ 318 ጁል ነው፤ በ400ው ወደ 80 ይወርዳል። ቁጥሩ እስክሪኑ ላይ አልተቀየረም፤ ድዱ ላይ ግን በእኩል ስፋት ሩቡ ብቻ ደረሰ።

የክሩን ጫፍ ደግሞ በዓይናችሁ እዩት። ጫፉን በመቁረጫው ጫር አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ቀጥ ብሎ ሊሰበር ይገባዋል። ከዚያ ቀዩን ማመልከቻ መብራት ብቻ አብርታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ያዙት። ክብ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ቀይ ነጥብ ካያችሁ ደህና ነው። በአንድ በኩል ጭራ ካወጣ ወይም ጨረቃ ከመሰለ እንደገና ቁረጡ፤ ጉልበቱ ወደማታስቡት ጎን እየሄደ ነው። የማሳያ ማሽን ላይም ይህን ሳታዩ ሙከራ አትጀምሩ።

5. የእኛ ሰው ድድ ጥቁር ነው

የአሠራር ማውጫዎች ላይ ያሉት ቁጥሮች አብዛኞቹ ሮዝ ድድ ታስቦ የተጻፉ ናቸው። እኛ ጋ የሚመጣው ድድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ ወይም ዝንጉርጉር ነው። ዳዮድና ኤንዲ ያግ ሜላኒን ስለሚወዱ ያው ቁጥር ጥቁሩ ድድ ላይ ከላይ ቶሎ ያቃጥላል። ሮዙ ላይ ምንም ያላደረገ ምት አጠገቡ ያለውን ጥቁር ነጥብ ሊያጤስ ይችላል። ስለዚህ ለጠቆረ ድድ ከማውጫው ዝቅ ብላችሁ ጀምሩና እያያችሁ ውጡ። ኤርቢየም ቀለም አይመርጥም፤ የሚፈልገው ውሃ ነው። ይሄ ለእኛ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ብሮሹር ላይ ግን አይጻፍም።

ከዚያ ደግሞ ንቅሳት አለ። በተለይ ከሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የመጡ እናቶች ድዳቸውን የተነቀሱ ብዙ ናቸው፤ አዳማም የሁሉም አገር ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ንቅሳቱ ውስጥ ያለው ጥቀርሻ፣ ማለትም ካርቦን ነው። ካርቦን ደግሞ የዳዮድንና የኤንዲ ያግን ጨረር ከሜላኒን በላይ ይስገበገብለታል። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጠይቁ።

«እማማ፣ ድድዎን ተነቅሰው ነበር?»

«አዎ ልጄ፣ ልጅ ሆኜ። ያኔ ውበት ነበር እኮ።»

ካርዱ ላይ ይጻፍ። ከዚህ በኋላ በእነዚህ ሁለት ሌዘሮች ያ ቦታ ላይ በተለመደው ቁጥር አትሠሩም። ንቅሳቱን አጥፉልኝ የሚሉ ካሉም ጥያቄው ሌላ ነው። የተፈጥሮው ሜላኒን የድዱ ላይኛ ሽፋን ሥር ስለሆነ በስሱ በመላጥ ይነሳል፤ ቆይቶ ሊመለስም ይችላል። የንቅሳቱ ጥቀርሻ ግን ከሽፋኑ በታች ጠለቅ ብሎ ነው ያለው። ቆዳ ላይ ንቅሳት የሚያጠፉት ሌዘሮች ፐልሳቸው በናኖ ሰከንድ ነው፤ ለድድ ኪስ የተሠራው ባለ ማይክሮ ሰከንዱ ማሽን የእነሱን ሥራ አይሠራም። ሁለቱም «ኤንዲ ያግ» ስለሚባሉ አትሸወዱ።

6. ሉካንዳ ሄዳችሁ ሞክሩ

ማሽኑን ለማሳየት ሲመጡ በሰው አፍ አትጀምሩ። ከሉካንዳ የበሬ ምላስና የበግ ጭንቅላት አስመጡ። (በዓቢይ ጾም ከሆነ ቀጠሮውን አስቀድማችሁ ከሥጋ ሻጩ ጋር ተነጋገሩ፤ ያኔ ብዙው ሉካንዳ ዝግ ነው።) በጉ ስትመርጡ ድዱ ላይ ጥቁርና ሮዝ ያለበትን ፈልጉ። ብዙ በጎች አላቸው።

የምትሠሩት እንዲህ ነው። ሁሉንም ማሽኖች አማካይ 2 ዋት ላይ አድርጉ። ምላሱ ላይ በእያንዳንዱ ማሽን እኩል ርዝመት ያለው መስመር፣ በእኩል ፍጥነት፣ አንድ ሰው ብቻ ይቁረጥ። እጅ ከተቀያየረ ማወዳደሪያው ይበላሻል። ኤንዲ ያጉንና ኤርቢየሙን በአጭርም በረጅምም ፐልስ ድገሙት። ኤርቢየሙን በውሃ ርጭትም ያለ ውሃም አሠሩት።

ከዚያ በአዲስ ስለት መስመሩን አቋርጣችሁ ቁረጡና ጎኑን እዩ። ስልካችሁን በቅርብ አድርጋችሁ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱት። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ጉድጓዱ ስንት ገባ፣ በጎኑ ያለው የነጣ ሥጋ ስንት ሰፋ፣ ጠርዙ ጠቆረ ወይስ አልጠቆረም። ነገሩ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። 60 ዲግሪ አካባቢ ፕሮቲኑ ይረጋል፣ ይነጣል። 100 ላይ ውሃው ይተናል። 200 ሲያልፍ ይከስላል። በውሃ የሠራው ኤርቢየም ጠርዙ ንጹህ፣ የነጣው ክፍል ቀጭን ይሆናል። ዳዮዱ ጠርዙን ቡናማ ወይም ጥቁር ያደርገዋል፤ መክሰል ካያችሁ ታካሚው በኋላ የሚያመውና የሚዘገየው ቁስል ያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ምላሱ ደም የሚዘዋወርበት አይደለም፣ ቀለሙም ፈዛዛ ነው። ስለዚህ ኤንዲ ያግ እዚያ ላይ ደካማ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ፍርዱን በበጉ ድድ ላይ ስጡ። ያንኑ ምት አንዴ ሮዙ፣ አንዴ ጥቁሩ ላይ አድርጉና ልዩነቱን እዩ። ከብሮሹር የማታገኙት ትምህርት ነው፤ ነርሶቻችሁና ረዳቶቻችሁም ቆመው ይዩት።

7. ጥርሱን ከፈለጋችሁ ሙቀቱን ለኩ

ለጥርስ ሥራ ኤርቢየም የምታስቡ ከሆነ የተነቀሉ ጥርሶችን አጽድታችሁ ውሃ ውስጥ አቆዩ። የደረቀ ጥርስ ላይ መሞከር አያዋጣም፤ ጨረሩ የሚፈልገው ውሃ ጠፍቷል።

የሥሩን ጫፍ ቁረጡና በዚያ በኩል የሙቀት መለኪያ ሽቦ ወደ ነርቩ ክፍል አስገቡ። ኤሌክትሪሲያኖች ከሚይዙት መልቲሜትር አንዳንዱ ይህ ሽቦ አብሮት ይመጣል። ከላይ በሌዘሩ ሥሩ፣ ከታች ቁጥሩን እዩ። ወሰኑ 5.5 ዲግሪ ጭማሪ ነው። ይህ ቁጥር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ዛክና ኮኸን ጦጣዎች ላይ ከሠሩት ጥናት ነው፤ በዚያ ጭማሪ ከመቶ 15 የሚሆኑት የጥርስ ነርቮች አላገገሙም። ለአጥንት ደግሞ ኤሪክሰንና አልብሬክትሰን እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳዩት ወሰን ለአንድ ደቂቃ 47 ዲግሪ ነው። ከዚያ የውሃውን ርጭት ዝጉና ቁጥሩ እንዴት እንደሚሮጥ እዩ። ያን ካያችሁ በኋላ የውሃ ቱቦው ተደፍኖ እያለ «ትንሽ ናት የቀረችው» ብሎ የሚቀጥል ሐኪም አይኖርም።

የፍሎራይድ ጥርስም ጨምሩበት። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአዳማ እስከ ወንጂ፣ ቡናማ ጥርስ ያላየ ሐኪም የለም። የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ይበልጣል። የእንዲህ ዓይነት ጥርስ ኢናሜል ከላይ የጠነከረ፣ ከሥሩ ግን ቀዳዳ የበዛበት ነው። ለጤናማ ኢናሜል የተጻፈውን ቁጥር በቀጥታ አታምጡበት። ከዝቅተኛው ጀምሩ፣ ከላይ ያለውን ሽፋን እንዳለፋችሁ ፍጥነቱ ሊቀየር እንደሚችል ጠብቁ። ከሠራችሁ በኋላም ሙሌቱ እንዲይዝ አሲዱን መቀባት አይቀርም። ሌዘሩ አሲዱን ያስቀራል የሚላችሁን አትስሙ። አማልጋም (የብረት ሙሌት) ላይ ደግሞ ጭራሽ አትተኩሱ፤ ብረቱ ያንጸባርቃል፣ የሜርኩሪ ትነትም አለ። አሮጌ አማልጋም በድሪል ነው የሚነሳው።

8. ጥናቱ ምን ይላል?

ይህን ሳያነቡ የገዙ ሰዎች ታካሚው ላይ ቃል ያበዛሉ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ለድድ ኪስ ሕክምና ከተለመደው ጥልቅ እጥበት ጋር ዳዮድ፣ ኤንዲ ያግ ወይም ኤርቢየም መጨመርን አልደገፈም። የአውሮፓው የፔሪዮዶንቶሎጂ (የድድ ሕክምና) ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያም ሌዘርን በተጨማሪነት እንዳንጠቀም ነው የሚመክረው። በሌላ በኩል ፔሪዮሌዝ የሚባለው ኤንዲ ያግ፣ ፐልሱ ከ100 እስከ 650 ማይክሮ ሰከንድ የሚቀያየረው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለጠፋ የጥርስ ድጋፍ፣ ማለትም አጥንቱና ማያያዣው፣ እንደገና መብቀል ፈቃድ አግኝቷል። ግን ያ ፈቃድ የተያያዘው ከሙሉ የቀዶ ሕክምና ሥርዓት ጋር ነው፦ መጀመሪያ በአጭር ፐልስ የታመመውን የኪስ ሽፋን ማንሳት፣ ሥሩን በእስኬለር ማጽዳት፣ ከዚያ በረጅም ፐልስ ደም ማርጋት፣ ንክሻውን ማስተካከል። ማሽኑን ብቻ ገዝቶ ክሩን ኪስ ውስጥ ማዞር ያ ሕክምና አይደለም።

በአጭሩ ታርታሩን የሚያወጣው አሁንም እስኬለርና ኪዩሬት ነው፤ ኤርቢየም ሊረዳ ይችላል፣ ዳዮድና ኤንዲ ያግ አይችሉም። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የተተከለ ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) ላይ ደግሞ ኤንዲ ያግ አትጠቀሙ፤ የታይታኒየሙን ገጽ ይጎዳል። እዚያ ዝቅ ባለ ጉልበት ኤርቢየም ይሻላል።

9. ዓይንና ጭስ

አጭር ነው፤ ግን ቀልድ የለበትም። ዳዮድና ኤንዲ ያግ በዓይን አይታዩም፣ የዓይኑን ብርሃን መቀበያ ድረስ ያልፋሉ፣ ጉዳቱም አይመለስም። ኤርቢየምና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የዓይኑን ፊት ለፊት ያቃጥላሉ። የአንዱ መነጽር ለሌላው አይሆንም። መስታወቱ ላይ የተጻፈውን የሞገድ ርዝመት አንብቡ፤ ከማሽኑ ጋር ካልተመሳሰለ ፀሐይ መነጽር ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ሐኪም፣ ረዳት፣ ታካሚ፣ አስታማሚም ካለ እሱም ያድርግ። ክሊኒካችሁ እንደ ብዙዎቹ የአዳማ ቤቶች ወደ መንገድ የሚያይ ሰፊ መስታወት ካለው ሸፍኑት፤ የዳዮድና የኤንዲ ያግ ጨረር ተራ መስታወት ያልፋል። የሚያብረቀርቅ መስተዋትና ብረት ከጨረሩ መንገድ ይራቅ። አልኮል የነካው ጥጥ አጠገቡ አይቀመጥ። ጭሱን በጠንካራ ሳክሽን ከምንጩ ውሰዱት፤ ተራ ማስክ ሳይሆን ኤን 95 አድርጉ።

10. መብራት፣ ሙቀት፣ መለዋወጫ

የአዳማን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል። ማሽኑ እስከ ስንት ዲግሪ ክፍል ሙቀት እንደሚሠራ ከመመሪያው ላይ አስነብቧቸው፤ ባለ አምፖሎቹ በውሃ የሚቀዘቅዙ ናቸው፣ ሲሞቅባቸው ራሳቸውን ያጠፋሉ። መብራት ሲቆራረጥ ስታብላይዘር ብቻውን አይበቃም፤ ጄኔሬተሩ ማሽኑ ሲነሳ የሚስበውን ይችል እንደሆነ ኤሌክትሪሲያን ይለካ። ኤርቢየም ከዚህ በላይ ንጹህ አየርና ንጹህ ውሃ ይፈልጋል፤ የኮምፕረሰራችሁ አየር ዘይት ወይም እርጥበት ካለበት የጫፉን መስታወት ያበላሻል። ዳዮድ በባትሪም ይሠራል፤ እውነቱን ለመናገር ትልቁ ውበቱ ይሄ ነው።

ፕሮፎርማው ላይ ማሽኑን ብቻ አትዩ። የጫፍ፣ የክር፣ የብልጭታ አምፖልና የማጣሪያ ዋጋ ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ እነዚህም በዶላር ነው የሚመጡት። ማሽኑ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል በሕጋዊ መንገድ የገባ መሆኑን ወረቀቱን እዩ። በሻንጣ የገባ ማሽን ይረክሳል፣ ግን የሚያስተካክለውም የሚለካውም ሰው የለውም።

ታዲያ የቱን?

ሥራችሁ ድድ ማስተካከልና ደም ማቆም ብቻ ከሆነ ዳዮድ ይበቃል፤ ፐልስ ነው ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ ግን አትክፈሉበት። ለድድ ኪስ ብቻ የሚመጡ ታካሚዎች ካሏችሁና ሥልጠናውን ለመውሰድ ከቆረጣችሁ፣ ፐልሱ በሰፊው የሚቀየር ኤንዲ ያግ ተመልከቱ፤ ጠቆር ያለውን ድድ እያሰባችሁ። አንድ ማሽን ብቻ መግዛት ከቻላችሁና ሕፃናትም ጥርስ ለማስሞላት የሚመጡባችሁ ከሆነ እኔ ኤርቢየምን እመርጣለሁ፦ ጥርስም ድድም ይሠራል፣ ቀለም አይመርጥም፣ ደም ማቆሙን ደግሞ በስፌትና በፋሻ እንችለዋለን። ኤንዲ ያግንና ኤርቢየምን አንድ ላይ የያዙ እንደ ላይትዎከር ያሉ ማሽኖችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን ሁለት ሐኪም ተጋርቶ ካልሠራበት የሚመለስ አይመስለኝም።

ውል ስትፈርሙ የመጨረሻውን ክፍያ ከርክክብ በኋላ አድርጉት። በርክክቡ ቀን ሻጩ የጉልበት መለኪያ ይዞ ይምጣ። እስክሪኑ 2 ዋት ሲል ከጫፉ ስንት እንደሚወጣ፣ በአዲስ ክርም በአሮጌም፣ ፊታችሁ ይለካና ቁጥሩ ርክክብ ቅጹ ላይ ይጻፍ። ከስድስት ወር በኋላ «ማሽኑ ደከመብኝ» ስትሉ የምትከራከሩበት ወረቀት ያ ነው።